ማክሰኞና ቅዳሜ፣ በአሥራ አንድ ሰዓት

ሰባቱን ሬዲዮኖች ያገኘኋቸው ከከተማው ወጣ ብሎ ከነበረ የመንገድ ሥራ ካምፕ መጋዘን ነው። ሥራው አልቆ ግሬደሮቹና ገልባጮቹ ወደ ሌላ አገር ተጭነዋል። የቀረው ማንም ዞር ብሎ የማያየው ዕቃ ነበር፤ ያለቀ ጎማ፣ እግሩ የተሰበረ ወንበር፣ ከየመኪናው የተፈታ ሬዲዮ። ሬዲዮ ስል ዜና የሚሰማበትን ማለቴ አይደለም። ሾፌሩ ማይኩን አንሥቶ፣ ጎኑ ላይ ያለውን ቁልፍ ተጭኖ ከካምፑ ጋር የሚነጋገርበት፣ እንደ ጡብ የሚከብድ የብረት ሣጥን ነው። ንብረት አስወጋጅ ኮሚቴው «ለማስተማሪያ ይሁን» ብሎ ለእኛ መሥሪያ ቤት ፈረመልን፤ እኔም ጋሪ ይዤ ላመጣቸው ሄድኩ።

«ምን ልታደርጋቸው ነው?» አለኝ መጋዘን ጠባቂው፣ ጆንያ ውስጥ እየከተተልኝ።

«ሰው ላነጋግርባቸው።»

«ማንን?»

ለሌላ ሰው ቀላል ጥያቄ ነው። እኔ ግን ሰውዬው ላይ ጮኽኩበት። «አንተ ምን አገባህ? ቁጠርና ስጠኝ!» አልኩት። ቆጥሮ ሰጠኝ። «ምንም ባይሆን ለበር ማስደገፊያ ይሆኑሃል» ብሎም ሳቀብኝ። ጋሪው ላይ ተቀምጬ ሲቀላ ሰፈር እስክገባ ድረስ ያቺ «ማንን?» ስትከነክነኝ መጣች። ጠባዬ እንዲህ ነው፤ ሆድ ሲብሰኝ እቆጣለሁ። እስከ ዛሬም አልለቀቀኝም።

አርባ ምንጭ የመጣሁት በሰማንያዎቹ አጋማሽ፣ ከደብረ ብርሃን ነው። የኮሌጁ የኤሌክትሮኒክስ ላቦራቶሪ ቴክኒሺያን ሆኜ ስመደብ ዘመድ ሁሉ «ታድለህ! ሙዝ፣ ዓሣ፣ ሁለት ሐይቅ!» አለኝ። እውነት ነው፤ ሙዙም ነበር፣ ዓሣውም ነበር፣ ሐይቆቹም ነበሩ። ሰው ነው የሌለኝ። ሰው ጠፍቶ አይደለም። ተማሪው ከየአገሩ መስከረም ላይ እንደ ጎርፍ ይመጣል፣ ሰኔ ላይ እንደ ጎርፍ ይሄዳል። መምህራኑ እርስ በርስ ይጠራራሉ። ቴክኒሺያን ደግሞ መምህርም ሠራተኛም ያልሆነ፣ መካከል ላይ የቀረ ፍጡር ነው። እሑድ ጠዋት ጎረቤቶቼ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ይዘው፣ ልጆቻቸውን አጣጥበው ወደ ጸሎት ቤታቸው ይሄዳሉ። እኔ ቤተ ክርስቲያን ስሜ ስመለስ ሰፈሩ ኦና ሆኖ ይጠብቀኛል። መዝሙራቸው እስከ ከሰዓት ይሰማል። በጋሞኛ ስለሚዘምሩ ቃሉ አይገባኝም፤ ደስታቸው ግን ይገባኛል፣ የባሰውም እሱ ነው።

ላቦራቶሪያችን ውስጥ አንድ የውጭ አገር ሰው ትቶት የሄደ የአማተር ሬዲዮ መጽሔት ነበር። አማተር የሚባሉት ለእንጀራ ሳይሆን ለፍቅሩ ብለው ሬዲዮ የሚሠሩና ከማያውቁት ሰው ጋር የሚነጋገሩ ናቸው። በሌላው ዓለም እነዚህ ሰዎች አሮጌ የታክሲ ሬዲዮ እየሰበሰቡ ወደ ራሳቸው ሞገድ እንደሚቀይሩ ከነሥዕሉ ተጽፏል። መጽሔቱን ገጹ እስኪረግፍ አነበብኩት። ከዚያ የፈቃድ ደብዳቤ መጻፍ ጀመርኩ። ስንት ጊዜ እንደጻፍኩ እኔና ፖስታ ቤቱ እናውቃለን! በመጨረሻ በመሥሪያ ቤቱ ስም፣ ለትምህርትና ለሙከራ ተብሎ፣ ሁለት ጣቢያ ተፈቀደልን። አንዱ ላቦራቶሪው ሆነ። ሁለተኛውን ግን የሚፈልገው ሰው ጠፋ። መምህራኑ ሳቁ፤ «ስልክ እያለ?» አሉኝ። በዚያን ጊዜ ስልኩ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚሠራ እነሱም ያውቁታል።

የዚህ ሞገድ ጠባይ ዓይን እስካየ ድረስ መሄድ ነው። ከላቦራቶሪው መስኮት ደግሞ የዶርዜ ተራራ ቁልጭ ብሎ ይታያል። አንድ ቅዳሜ ዶርዜን አልፎ ጨንቻ በሚሄድ መኪና ተሳፍሬ፣ አንዱን ሬዲዮና የመኪና ባትሪ ይዤ ወጣሁ። ገና አልተቀየረም፤ በድሮው የካምፕ ሞገድ ነው ያለው። ለካ ሰው ብቻውን ሲኖር ነገር ዓለሙ ይጠፋዋል፤ ታች ማንም እንደሌለ እያወቅሁ ዶርዜ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ማይኩን አንሥቼ «አርባ ምንጭ፣ አርባ ምንጭ፣ ይሰማል?» እላለሁ። ብርዱ ጥርስ ያንቀጫቅጫል።

«ማይኩን ከአፍህ አርቀው። እየበላኸው ነው» አለኝ አንድ ድምፅ ከኋላዬ።

ዞር ስል ጋቢ የተከናነቡ ሽማግሌ ቆመዋል። የሚያዩት እኔን አይደለም፤ ሬዲዮኑን ነው። ዘመድ ያገኘ ሰው ነው የሚመስሉት። «ደግሞ መጀመሪያ ይደመጣል፣ ከዚያ ይጠራል። ማን አስተማረህ?» አሉኝ።

የመንደሩ ሰው ሁሉ ሃምሳ አለቃ ነው የሚላቸው። ከሃያ ዓመት በላይ የጦር ሠራዊት ሬዲዮ ኦፕሬተር ነበሩ። መንግሥት ሲለወጥ ሠራዊቱ ተበተነ፤ እሳቸውም ከሰሜን እስከ ዶርዜ ግማሹን በእግር፣ ግማሹን በጭነት መኪና መጡ። ሲደርሱ ሚስታቸው ሞታለች፣ ሁለቱ ወንዶች ልጆቻቸው አዲስ አበባ ገብተው ሸማ ይሠራሉ። የቀረቻቸው ከጎረቤት የምትኖር የእህታቸው ልጅ ናት። እሳቸውም በልጅነታቸው ትተውት ወደሄዱት ሸማ ሥራ ተመለሱ። «ድሩ እሺ አይለኝም። ይኼ ጣት የሚያውቀው ቁልፍ መጫን ነው» አሉኝ። የሠሩትን ጋቢ አሳዩኝ፤ ጥለቱ ወዲያና ወዲህ ይሄዳል። እኔ ሳቅኩ፣ እሳቸው ከእኔ ብሰው ሳቁ። ሰው አስቄ አብሬ የሳቅኩበትን ቀን ከዚያ በፊት ማስታወስ አቃተኝ።

ሁለተኛው ጣቢያ በዚህ ተገኘ። ኃላፊዬ «በአንተ ኃላፊነት» ብሎ ፈረመልኝ።

ሥራው ወራት ፈጀ። እያንዳንዱ ሬዲዮ በየትኛው ሞገድ እንደሚናገር የሚወስንለት ጥፍር የምታህል ክሪስታል ሆዱ ውስጥ አለች። የካምፑን እየነቀልኩ የእኛን መትከል ነበረብኝ፤ የእኛ ደግሞ ከውጭ ታዝዛ እስክትመጣ መጠበቅ። ስትመጣም አያበቃም፤ ውስጡ ያሉትን የሽቦ ጥቅልሎች አንድ በአንድ፣ በፀጉር ልክ እያዞሩ አዲሱን ሞገድ ማስለመድ አለ። ለዚህ የብረት ጠመንጃ መፍቻ አይሆንም፤ ብረት ሲጠጋው ሬዲዮኑ ይዛባል። መጽሔቱ የፕላስቲክ መፍቻ ግዙ ይላል። ከየት ላምጣ? ሃምሳ አለቃ ከቤታቸው ግድግዳ ቀርከሃ ሰብረው፣ በምላጭ ጠርበው ሰጡኝ። በዕድሜዬ እንደዚያ ያለ መፍቻ ይዤ አላውቅም። ከሰባቱ ሬዲዮ አምስቱን ለመለዋወጫ አርደን ሁለቱ ላይ ነፍስ ዘራን።

አንዳንድ ቅዳሜ እሳቸው ወርደው ላቦራቶሪ እንውላለን። የመበየጃው ካውያ ሲግል እሳቸው ያወራሉ። ሁሉም ጥሪ በመዝገብ ይጻፍ እንደነበር፣ ያልጻፈ ኦፕሬተር እንደሚቀጣ፣ ተናግሮ የጨረሰም «ኦቨር» ብሎ ተራውን እንደሚለቅ ይነግሩኛል፤ አሁንም የልጅ ደብተር ገዝተው መስመር አስምረው ጨርሰዋል። ጠላት ቅርብ ሆኖ መናገር በማይቻልበት ጊዜ ደግሞ ከበላይ ሲጠሩ ማይኩን ሁለቴ ብቻ ይጫኑ ነበር፤ ጠቅ፣ ጠቅ። «አለሁ ማለት ነው» አሉኝ። «አንዱን ሌሊት ሙሉ እንደዚያ አደርን። አለሁ፣ አለሁ፣ አለሁ።» እኔ «እህ» አልኩ። ልቤ በምበይድበት ሰልደር ላይ ነበር። እሳቸው የሚነግሩኝ ብዙ ነው፤ ሁሉንም «እህ» እያልኩ ነው ያሳለፍኩት።

የመጀመሪያው ማክሰኞ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ ወደ ተራራው ስታዘነብል፣ ሬዲዮኑን ከፍቼ ቁጭ አልኩ። አደመጥኩ። ከዚያ ጠራሁ። ቁልፉን ለቀቅኩ።

«ጥርት ብለህ ትሰማለህ ልጄ። እዚህ ጉም ነው። እዚያስ? ኦቨር።»

«እዚህ እሳት ነው ሃምሳ አለቃ! ኦቨር!» አልኩ። እንባዬ ግጥም አለ። እኔ የሠራሁት ዕቃ ስለሠራ ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሳምንቱ ሁለት ቀን ብቻ ያለው ሆነ። ማክሰኞና ቅዳሜ፣ አሥራ አንድ ሰዓት። ባትሪያቸውን ረቡዕ በጨንቻው መኪና ይልካሉ፣ ሐሙስ ላቦራቶሪ ውስጥ አስሞላላቸዋለሁ፣ ዓርብ ይመለሳል። ሾፌሩ «የታቦት ያህል ትንከባከቡታላችሁ» እያለ ያሾፍብናል። የምናወራው ቁም ነገር የለውም። ምን በላህ? ዓሣ። አሁንም ዓሣ? አሁንም ዓሣ። ማግባት አለብህ፣ ኦቨር። እሳቸው ስለ ገብሱ፣ ስለ እንሰቱ፣ ልጆቻቸው ደብዳቤ አለመላካቸውን ይነግሩኛል። እኔ የቀረውን ቀን ሁሉ ለማንም የማልለውን እዚያች ማይክ ላይ እለው ነበር። ሳይበላ የዋለ ሰው እንደሚጎርሰው ነው የማወራው። ያቺ ድምፅ ብትቀርብኝ ምን እንደምሆን አስቤው አላውቅም፤ አንዳንዴ ግን አሥራ አንድ ሰዓት ካለፈ በኋላ ሁለት ደቂቃ ሲዘገዩ ሰዓቴን ደጋግሜ አያለሁ።

በሁለተኛው ዓመት፣ ክረምቱ ሲገባ፣ ድምፃቸው መሻከር ጀመረ። መጀመሪያ ትንሽ ነበር፤ እንደ ተቀደደ ወረቀት ያለ። እኔ ወዲያው አወቅሁት፤ ማይኩ ነው። የዶርዜ ጉም መቼም የማይገባበት ነገር የለም፣ ማይኩ ውስጥ እርጥበት ገብቷል። ላኩልኝ አልኩ፣ ላኩ። ፈትቼ አጸዳሁ፣ ውስጡን ለወጥኩ። ቅዳሜ ስንገናኝ ያው ነው። ሌላ ማይክ ላክሁ። ያው ነው፣ እንዲያውም ብሷል። ሽቦውን ለወጥኩ፣ የድምፅ ማጉያውን ክፍል እዚህ ራሴ ጋ ፈታሁ። አንድ ሳምንት ሙሉ ምሳ ሳልበላ ዋልኩ። አንድ ጊዜ እንኳ «ሃምሳ አለቃ፣ ጉሮሮዎን አሞዎት ይሆን?» አላልኩም። ቴክኒሺያን ነኛ! ድምፅ ከተበላሸ የሚበላሸው ዕቃ ነው።

አንድ ማክሰኞ ትዕግሥቴ አለቀ።

«ሃምሳ አለቃ፣ ይኼን ማይክ እሳት ዳር ነው የሚያስቀምጡት አይደል? ጭሱ ጨረሰው! ሁለተኛ ማይክ ነው ያበላሹብኝ! ኦቨር!»

በዚያች በተቀደደች ድምፅ «ማይኩ ደህና ነው ልጄ» አሉ።

«ደህና አይደለም! እኔ አይደለሁ እንዴ የማውቀው!»

«እሺ። እንግዲህ አንተ ታውቃለህ» አሉ። ኦቨር እንኳ አላሉም።

ሰውነቴ ሁሉ ተቃጠለ፤ በእሳቸው ይሁን በራሴ አልለየሁም። ቅዳሜ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጠራሁ። ቁልፉን ስለቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። ሌላ ምንም የለም። ደገምኩ። ጠቅ፣ ጠቅ። «ለምን አይመልሱም?» አልኩ። ጠቅ፣ ጠቅ። ማክሰኞም እንደዚያው።

አሁን የማደርገውን ስሙኝ። ድምፁ የሚመጣው እኔ ጠርቼ ቁልፉን ከለቀቅኩ በኋላ ብቻ መሆኑን አስተዋልኩ። እንግዲያው ከእኔው ሬዲዮ ነው አልኩ። ከመናገር ወደ መስማት ሲዞር የሚንቀሳቀስ፣ ሪሌ የሚባል ማዞሪያ አለው፤ እሱ አርጅቶ ነው የሚንጣጣው። ደግሞ ስኩዌልች የሚባል በረኛ አለ፤ ሰው ሲናገር በሩን ይከፍታል፣ ሰው ሲጠፋ ባዶውን ሹክሹክታ እንዳንሰማ ይዘጋዋል። በረኛውን ለማስተማር አንዲት ካፓሲተር ጨመርኩበት፤ ከአንድ ሰከንድ ያጠረ ነገር ቢያንኳኳም እንዳይከፍት። ንጹሕ ሥራ ነበር። ሰልደሩ እንደ መስተዋት ያበራል። የሚቀጥለው ቅዳሜ ጠርቼ ቁልፉን ስለቅ ሬዲዮኑ ጸጥ አለ። ጠቅታው ጠፋ። ራሴን አደነቅሁ፤ እውነቴን ነው፣ «ጎበዝ» አልኩ።

ሽማግሌው አኩርፈውኛል ማለት ነው። ደንቡ ግልጽ ነው፤ በእሳቸውም አገር በእኔም አገር ታናሽ ነው ሄዶ ይቅርታ የሚለው። መኪናው ከፊቴ ይወጣል፣ አንድ ቀን ተሳፍሬ ጉልበታቸውን ብይዝ ያልቅ ነበር። እልህ ያዘኝ። ማይክ ያበላሹ እሳቸው፣ እኔ ልለምን? እየጠራሁ ግን ቀጠልኩ፤ ይኼንንም ለራሴ «ሙከራ ነው» እለው ነበር። አንድ ቅዳሜ ማንም እንደማይሰማኝ እርግጠኛ ስለነበርኩ ቁልፉን ተጭኜ ረጅም አወራሁ። እናቴ ከደብረ ብርሃን «መቼ ትመጣለህ?» ብላ እንደጻፈችልኝ፣ መልስ እንዳልጻፍኩላት፣ የምጽፈው ነገር እንደሌለኝ። በዚህ ከተማ ውስጥ ብሞት ላቦራቶሪው እስኪሸት ድረስ የሚያውቅ እንደሌለ። «ብቻዬን ነኝ» አልኩ፣ ለብረት ሣጥን። ቁልፉን ለቀቅኩ። ጸጥታ። በረኛው ሥራውን በደንብ ይሠራል።

አንድ ነገር ብቻ ነበር ያልገባኝ። ባትሪው በየረቡዑ ይመጣል፤ ባዶ ሆኖ። የማይናገር ሰው ባትሪ ምን ያደርግለታል? አሰብኩና ደረስኩበት፤ አምፖል አስረውበት ቤታቸውን ያበሩበታል! በሬዲዮኔ አኩርፈው በባትሪዬ መብራት! ደሜ ፈላ። በአምስተኛው ሳምንት ረቡዕ የመጣውን ባትሪ ላቦራቶሪው ጥግ ወርውሬው ሐሙስ ሳልነካው ዋልኩ። ዓርብ ሾፌሩ ሲመጣ «የለም። ጨለማ ውስጥ ይቀመጡ» አልኩት። ሾፌሩ አየኝና መኪናውን አስነሥቶ ሄደ።

ያን ቅዳሜ አልጠራሁም። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ኩልፎ ወንዝ ዳር፣ የሙዝ እርሻው ውስጥ ነበርኩ። ጋሪዎቹ ሙዝ ጭነው ወደ ገበያ ይሄዳሉ፤ ልጃገረዶች ውኃው ውስጥ እግራቸውን እየታጠቡ ይሳሳቃሉ። ሰዓቴን አየሁ፤ አሥራ አንድ ሆነ፣ አሥራ አንድ ከሩብ ሆነ። «ይበላቸው» አልኩ። ማክሰኞም እዚያው ሄድኩ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ አላለኝም፣ አፌ መረረኝ።

ሐሙስ ጠዋት አንዲት ሴት ላቦራቶሪ በር ላይ ቆማ አገኘኋት። አጎቷ ቤት አይቻታለሁ፤ የሃምሳ አለቃ የእህት ልጅ ናት። ገበያ ልትሸጥ ያመጣችውን ቅቤ በእንሰት ቅጠል ጠቅልላ ይዛለች።

«አስተማሪ፣ ባትሪዋ ለምን አልመጣም?» አለችኝ፤ ሰላምታ እንኳ አላስቀደመችም።

«አጎትሽ ለመብራት እንዲያደርጉት አልልክም! ከእኔ ጋር አይነጋገሩ፣ ምን ያደርግላቸዋል?»

አፏን ከፍታ አየችኝ። «መብራት? የምን መብራት? አጎቴ እኮ ድምፁ ጠፋች። ክረምት ሲገባ ጉሮሮው አበጠ፣ ጥቂት ጥቂት እያለ ተዘጋ። ውኃ እንኳ በግድ ነው የሚወርድለት። አሁን የሚናገረው በእጁ ብቻ ነው።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ይመልስልሃል እኮ! ማክሰኞና ቅዳሜ ጠዋት ሬዲዮኑን ይከፍትና እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አጠገቡ ቁጭ ይላል። ስትጠራው ደስ ይለዋል፣ በጣቱ እንዲህ፣ እንዲህ ያደርጋል።» አውራ ጣቷን ቅጠሉ ላይ ሁለቴ ጫነች።

ቁጭ አልኩ። «ደብዳቤ ቢጽፉልኝስ? በሾፌሩ መልእክት ቢልኩልኝ?»

«ጻፍለት አልነው። ደብተሩ ላይ ‹የሬዲዮ ሰው ነው፣ ራሱ ይደርስበታል› ብሎ ጻፈ፤ የጎረቤት ተማሪ አነበበልን። ደግሞ አንተ ታናሽ ነህ፣ ትመጣለህ ብሎ ጠበቀ። አሁን ባትሪዋ ስትቀር ግን ከፋው።»

«በዚህ ቅዳሜ እመጣለሁ በይልኝ። ባትሪውን እኔ ራሴ ተሸክሜ እመጣለሁ በይልኝ» አልኳት። ያን ዕለት መውጣት እችል ነበር። ባዶ ባትሪ ይዤ አልሄድም አልኩ። አያችሁ? አሁንም ዕቃውን ነው ያስቀደምኩት።

ሐሙስንና ዓርብን ባትሪው ሲሞላ ዋለ። እኔ ያቺን ካፓሲተር ልነቅል ካውያውን አነሣሁ፤ ሦስቴ አቃጠለኝ። ነቀልኳት። ቅዳሜ በመጀመሪያው መኪና ተሳፈርኩ፣ ባትሪውን ጭኔ ላይ አድርጌ። የምለውን ሁሉ መንገዱን ሙሉ አጠናሁ። መጀመሪያ ጉልበታቸውን እይዛለሁ። ከዚያ ሆስፒታል ይዣቸው እወርዳለሁ። ከዚያ ለአንድ ዓመት ይስቁብኛል፣ ይሳቁብኝ።

ዶርዜ ስደርስ መዝሙር ይሰማል። እሑድ መሰለኝ። ከዚያ ቅዳሜ መሆኑን አስታወስኩ። ደጃቸው ላይ ያለው ሣር በሰው ተሞልቷል፤ ሴቶቹ መሬት ላይ ተቀምጠዋል፣ ወንዶቹ ጋቢያቸውን ገልብጠው ለብሰዋል። ባትሪውን እንደተሸከምኩ መሃላቸው ቆምኩ። ያለፍኩበት ሰው ሁሉ ባትሪውን ያያል። የእህታቸው ልጅ መጥታ እጄን ያዘችኝና «ትናንት» አለችኝ። «ትናንት ጠዋት። እንደምትመጣ ነግሬዋለሁ፣ ሰምቷል።»

ቤት አስገባችኝ። ሬዲዮኑ መስኮቱ ሥር ነበር፣ በንጹሕ ሸማ ተሸፍኖ። ጥለቱ ወዲያና ወዲህ ይሄዳል። ማይኩ ላይ፣ አውራ ጣት በሚያርፍበት ቦታ፣ ጥቁሩ ቀለም ተልጦ ብረቱ ይታያል። አጠገቡ ደብተሩ አለ። የኦፕሬተር ጽሑፍ ነው፣ ቀኑ በአንድ መስመር፣ ሰዓቱ በአንድ መስመር፣ ቀጥ ያለ። ከዚያች ከተጣላንባት ማክሰኞ ቀጥሎ ካለው ቀን ጀምሬ አነበብኩ።

ቅዳሜ። 11፡00። ጠራኝ። መለስኩ። አልሰማኝም።

ማክሰኞ። 11፡00። ጠራኝ። ተናዷል። መለስኩ። አልሰማኝም።

እንደዚያ እያለ ይወርዳል። አንዱ ቅዳሜ ላይ ጽሑፉ ረዘም ይላል፦ ስለ እናቱ ተናገረ። ብቻዬን ነኝ አለ። መለስኩ። ደግሜ መለስኩ። ደግሜ መለስኩ።

የመጨረሻዎቹ ሁለት መስመሮች ግን እጃቸው ደክሞ ወደ ታች ተዘንብለዋል።

ቅዳሜ። 11፡00። ባትሪ የለም። ይጠራኛል።

ማክሰኞ። 11፡00። ባትሪ የለም። አሁንም ይጠራኛል።

ሴትዮዋ ከጎኔ ቆማ «ምን ይላል?» አለችኝ። ማንበብ አትችልም። ደብተሩን ዘጋሁት። ውጭ ይዘምራሉ፤ ሙሉው ባትሪ እግሬ ሥር ነው። ያን ቅዳሜና ያን ማክሰኞ ኩልፎ ዳር ተቀምጬ የሙዝ ጋሪ ስቆጥር ነበር፤ አልጠራኋቸውም።